ማሳ ያጣው ራዲዮ

ሞተር ሲነሣ ራዲዮው ያብዳል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ለደብረ ታቦር ጣቢያ ስንት ጊዜ እንደተናገርኳት እኔና የፈጠረኝ እናውቃለን። «በሚቀጥለው መኪና ኮንደንሰር ይላክልሃል» ይሉኛል። የሚቀጥለው መኪና ይመጣል። አካፋ ይዞ ይመጣል፤ ሽሮ ይዞ ይመጣል፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ማን እንዳዘዘው ያልታወቀ የጠረጴዛ ልብስ ይዞ መጣ። ኮንደንሰር ግን የለም። ኮንደንሰር ማለት እኮ አውራ ጣት የምታህል ቆርቆሮ ናት። ዲናሞው ላይ ትታሰራለች፤ በቃ። ለዚህች ለአውራ ጣት ነው በጋውን ሙሉ ጆሮዬ የተበላው።

ዘመኑ የጃንሆይ መንግሥት ማብቂያ አካባቢ ነበር። ከእስቴ ወደ ስማዳ ለሚወጣ መንገድ አቅጣጫ የሚፈልግ የቅየሳ ቡድን ውስጥ በራዲዮ ሠራተኛነት ተቀጠርኩ። አለቃችን መሐንዲሱ ከነመለኪያ መሣሪያው በበቅሎ ገደል ለገደል ይዞራል፤ ራዲዮ የተጫነበት የጭነት መኪና ደግሞ እስከሚገባበት ድረስ ገብቶ ወገዳ ላይ ይቆማል። መኪናው ጋ የምንቀረው ሾፌሩና እኔ ብቻ ነን። ጠዋት ጠዋት ደብረ ታቦርን እጠራለሁ፤ የመሐንዲሱን መልእክት እነግራለሁ፤ የእነሱን እቀበላለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ሥራ ከተባለ።

ጫጫታው ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው የካንዴላው ነው። ካንዴላ ሞተር ውስጥ እሳት በተፋ ቁጥር ድምፅ ማጉያው ጠ-ጠ-ጠ-ጠ ይላል፤ ነዳጅ ሲጨመርለት ይፈጥናል፤ ሲቀነስለት ይዘገያል። ሁለተኛው የዲናሞው ነው። እሱ ደግሞ ያለቅሳል፤ ቀጭን፣ የማይቋረጥ፣ ጥርስ የሚያፋጭ ልቅሶ። በሁለቱ መካከል የደብረ ታቦሩ የጣቢያ ሰው ይናገራል። እሱም ቢሆን እንደ ሰው ቀስ ብሎ ቢናገር ምናለበት? አፉ ውስጥ ሁልጊዜ የሚታኘክ ነገር ያለ ይመስል ቃሉን እያድበለበለ ይወረውረዋል፤ የተረፈውን ካንዴላው ይበላዋል።

ይህ ጫጫታ ከዚያ በፊትም አዋርዶኛል። ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ላይ ሳለን፣ «መሐንዲሱ ለስብሰባ ይምጣ» የሚል መልእክት ተቀበልኩ። መሐንዲሱ በቅሎውን ጭኖ፣ የጉናን ተራራ በብርድ ዞሮ፣ ደብረ ታቦር ሲደርስ ለካ የተባለው «አይምጣ» ነው። ተመልሶ ሲመጣ ያለኝን እዚህ አልጽፈውም። ግን እኔ ምን ላድርግ? «አ»ዋን የበላት ካንዴላው ነው። ቋንቋችን ራሱ ለራዲዮ አይመችም። «አይሆንም» ለማለት ከቃሉ ፊት ትንሽ ነገር ይለጠፋል፤ ከኋላ ትንሽ ነገር ይለጠፋል፤ መካከሉ ከ«ይሆናል» ብዙም አይለይም። ጫጫታ ደግሞ የሚነክሰው ዳር ዳሩን ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር፤ ሞተር ማጥፋት። ሞተር ሲጠፋ ካንዴላውም ዲናሞውም ዝም ይላሉ፤ ራዲዮው በባትሪ ብቻ ጥርት ብሎ ይናገራል። ሾፌሩ ግን ሞተር አያጠፋም።

«ጋሼ፣ ለአንድ አፍታ ያጥፉልኝ።»

«አላጠፋም።»

«መልእክት አልሰማ ብሎኝ እኮ ነው።»

«አንተ መልእክት እንድትሰማ እኔ ወገዳ ላይ ልቀበር?»

እውነቱን ለመናገር ምክንያት ነበረው። ሞተሩን በቁልፍ የሚያስነሣው ዕቃ፣ ሞተሪኖው፣ ከሞተ ቆይቷል። እሱም ከደብረ ታቦር ይላካል የተባለ ነው። ስለዚህ መኪናው የሚነሣው ቁልቁለት ሲንደረደር ብቻ ነው። ሾፌሩ ከከተማው ዳር ባለች ቁልቁለት ላይ ያሳድረዋል፤ ጠዋት ድንጋዩን ከጎማው ሥር አውጥቶ ይለቀዋል፤ ሞተሩ ይነሣል። ታዲያ ቁልቁለቱ ላይ እንዳላችሁ ለምን አትጠራም ትሉኝ ይሆናል። ቁልቁለቱ ያለው ተራራ ሥር ነው፤ እዚያ ራዲዮው ድፍን ደንቆሮ ነው። ደብረ ታቦር የሚሰማው ገበያው አጠገብ ካለው ሜዳ ላይ ብቻ ነው፤ ሜዳ ላይ ደግሞ ሞተር ከጠፋ መኪናውን ከሰው ጉልበት በቀር የሚያስነሣው የለም። ለእሱ የሚሆነው ለእኔ አይሆንም፤ ለእኔ የሚሆነው ለእሱ አይሆንም። በዚህ ስንጨቃጨቅ በጋው ተጋመሰ።

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግትር ነው እንጂ። ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ መሪ የያዘ፣ ከሰው ይልቅ ከመኪናው ጋር መነጋገር የሚቀናው ሰው ነው። እኔን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ «ራዲዮ» ነው የሚለኝ። ያገባው ዘግይቶ ነው፤ ሚስቱን ደብረ ታቦር ትቷት የመጣው ነፍሰ ጡር ሳለች ነው። የመጀመሪያ ልጃቸውን በምጥ አጥተውታል፤ እሷም የተረፈችው ለጥቂት ነው። ይህን የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጎማ እየነፋ፣ ፊቱን ሳያዞርልኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መልእክቴን ስጨርስ ጠጋ ብሎ «እስቲ ስለ ቤት ጠይቅልኝ» ይለኛል። ሚስቴ አይልም፤ ቤት ነው የሚላት። እኔም እጠይቅለታለሁ። «ገና ነው» ይላል የደብረ ታቦሩ ሰው። «ገና»ን ለመስማት አያስቸግርም፤ ሾፌሩም አንገቱን ነቅንቆ ወደ ጎማው ይመለሳል።

ያን ቀን ገበያ ነበር። ሜዳው በአህያ፣ በእህልና በሰው ተሞልቷል። መኪናው ከገበያው ዳር ቆሟል፤ ሞተሩ እንደ ልማዱ ይንደቀደቃል። ገና መነጋገሪያውን ሳነሣ ደብረ ታቦር ቀድሞ ጠራኝ። ቀድሞ ጠርቶኝ አያውቅም። ሾፌሩም ይህ ገብቶት ጭንቅላቱን በመስኮት አስገባ። ካንዴላው ጠ-ጠ-ጠ፣ ዲናሞው ሲይይይ፤ በመካከሉ፦

«...ለሾፌሩ... ጠ-ጠ... ሚስቱ... ጠ-ጠ-ጠ... ተገላገለች... ጠ-ጠ...»

በገዛ ጆሮው ሰማ። «ተገላገለች!» ብሎ ጮኸ። ያ ቃል የሚቆጥብ ሰው የማያውቀውን ገበያተኛ እያቀፈ ይስም ጀመር። ጠላ ሻጮቹ ሴቶች ነገሩን ሲሰሙ እልልታውን አቀለጡት። ወገዳ ላይ የሚወደን ሰው አልነበረም፤ ከመሬት ለኪዎች ጋር የመጣን ነንና በጎሪጥ ነው የሚያዩን። ቢሆንም ወለደች ለተባለች ሴት እልል የማይል አልነበረም።

እኔን ግን ከነከነኝ። «ተገላገለች» ይሁን «አልተገላገለችም» ይሁን በምን አውቃለሁ? ደግሞስ የምሥራች ከሆነ ሰውየው ለምን ይደጋግማል? ከጠ-ጠ-ጠው ሥር ድምፁ አሁንም አለ።

«ጋሼ፣ ጥርት ብሎ አልተሰማኝም። ሞተሩን ያጥፉልኝና ልጠይቀው።»

«ምኑን ትጠይቀዋለህ? ሰማሁት እኮ!»

«ከፊቱ ‹አል› ብሎ ከሆነስ?»

«የምን አል?»

«‹አልተገላገለችም› ብሎ ከሆነስ?»

ፊቱ ተለዋወጠ። «አንተ ሟርተኛ! አንድ ቀን ደስ ቢለኝ አቃጠለህ?» አለና ወደ እልልታው ተመለሰ።

ደሜ ፈላ። እንግዲህ የቻልኩትን ላድርግ ብዬ ፒንሳና ቢላ ይዤ ራዲዮው ሥር ገባሁ። ካንዴላውን ያለ ዕቃ ምንም ላደርገው አልችልም፤ የዲናሞውን ልቅሶ ግን ማለዘብ የሚቻልበት አንድ መንገድ አለ። የራዲዮው ሳጥን ከመኪናው ብረት ጋር በደንብ መነካካት አለበት። መካኒኮች ይህን «ማሳ» ይሉታል፤ ከጣሊያን የወረስነው ቃል ነው። ማሳ ያዘ ማለት ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል መመለሻ አገኘ ማለት ነው። ሳጥኑን ፈትቼ ከሥሩ ባይ፣ የገጠመው ሰው ቀለም በተቀባ ብረት ላይ አስቀምጦታል። ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በጋውን ሙሉ ያለ ማሳ ነበርን ማለት ነው። የገጠመውን ሰው ባገኘው ምን እንደማደርገው አላውቅም።

በመስኮት ብቅ ብዬ ለሾፌሩ ጮህኩ፤ ንዴት ስለነበረኝ ገበያው በሙሉ ነው የሰማው።

«ማሳ የለውም! ይኼ መኪና እስከ ዛሬ ማሳ አልያዘም!»

እልልታው ቀስ እያለ ጠፋ። ለምን እንደጠፋ አላሰብኩም፤ ቀለሙን በቢላ እፍቃለሁ። ጥቂት ቆይቶ የአካባቢው ጭቃ ሹም መጡ። የመሬትና የግብር ጉዳይ በእጃቸው የሆነ፣ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ጋቢያቸውን አስተካክለው በሩ ላይ ቆሙ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ጌታው።»

«ጤና ይስጥልኝ፣ አባቴ» አልኩ፣ ራሴን ሳላወጣ።

«ለመኪናችሁ ማሳ ፈለጋችሁ አሉ?»

«አዎ፣ አባቴ። ያለ ማሳ አልሆነለትም።»

«ብዙ ነው የሚሻው?»

«ኧረ ትንሽ ይበቃዋል። ዋናው ጠበቅ አድርጎ መያዙ ነው።»

«ጠበቅ አድርጎ...»

«ታዲያስ! ላላ ካለ መልሶ ይለቃል። አንዴ ከያዘ ማንም እንዳይነቀንቀው አድርጌ አስረዋለሁ።»

«ያያችሁለት የማንን ነው?»

«የማንንም አይደለም፤ ከሥሩ ያለውን ነው የምይዝለት።»

ጭቃ ሹሙ መኪናው የቆመበትን ሜዳ ከዳር እስከ ዳር አዩት። «ይኸ ከሥሩ ያለው ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ነው» አሉ ቀስ ብለው፤ ዘንጋቸውን መሬት ላይ አንዴ መቱና ሄዱ። እኔ ስለ መኪናው ብረት ነው የማወራው፤ ብረቱ ከየት አያት እንደወረደ ግራ ገባኝ፤ ሽማግሌ ናቸው ብዬ ተውኩት። ማሳ እሳቸው ዘንድ ገብስና ስንዴ የሚዘራበት መሬት መሆኑ በዚያ ንዴት ውስጥ ፈጽሞ ትዝ አላለኝም።

ሽቦውን አጥብቄ ስጨርስ የዲናሞው ልቅሶ ወደ ማጉረምረም ወረደ። የካንዴላው ጠ-ጠ እንዳለ ነው፤ ሆኖም የሰውየው ድምፅ ከሥሩ ትንሽ ብቅ አለ።

«...ሐኪሙ... ጠ-ጠ... ባሏ... ጠ-ጠ-ጠ... ተገላገለች...»

ለተገላገለች ሴት ባሏን የሚፈልግ ሐኪም የምን ነው? ወርጄ ሾፌሩን ፈለግኩት። ጠላ ሻጮቹ መካከል ዋንጫ ይዞ ቆሟል። ክንዱን ያዝኩና «ጋሼ፣ ሐኪም እያለ ነው» አልኩት።

ፊቴን አየ። ቀጥሎ ሜዳውን አየ፤ ልሙጥ ሜዳ ነው። ዋንጫውን ለባለቤትዋ መልሶ ወደ መኪናው ሄደ፤ ቁልፉን አዞረ።

ሞተሩ ጠፋ። በጫጫታው ምክንያት ድምፅ ማጉያውን እስከ መጨረሻው ከፍቼው ስለነበር፣ የደብረ ታቦሩ ሰው ድምፅ እንደ አዋጅ ገበያው ላይ ወጣ።

«ወገዳ፣ ወገዳ፣ ይሰማል? ለሾፌሩ ንገረው። ሚስቱ አልተገላገለችም። ምጡ ጠንቶባታል። ሐኪሙ ሆዷን ቀድጄ ላውጣው ይላል፤ ዘመዶቿ ግን ባሏ ሳይፈቅድ አናስነካም ብለዋል። ይፈቅዳል ወይስ አይፈቅድም? ወገዳ፣ ይሰማል?»

ሾፌሩ መነጋገሪያውን ከእጄ ነጠቀ፤ ለመናገር ቁልፏን መጫን እንዳለበት አያውቅም፤ እኔ ተጫንኩለት።

«ፈቅጃለሁ! ያድኗት!»

«አቋረጠብኝ። ፈቅጃለሁ ነው ወይስ አልፈቀድኩም? ደግመህ ተናገር።»

ራሴን በሁለት እጄ ያዝኩ። ከስንት ወር በኋላ ራዲዮው ጥርት ቢል፣ ሰውየው ጫጫታውን ከመልመዱ የተነሣ የሰማውን አያምንም! ሾፌሩ ወደ እኔ ዞረ።

«‹እሺ› በሉት፣ ጋሼ። እሺ ዳር የለውም፤ አይነከስም።»

«እሺ!» ብሎ ጮኸ። «እሺ በላቸው! እሺ! እሺ!»

«እሺ ብሏል። ገባኝ። እየሮጥኩ ነው» አለ የደብረ ታቦሩ ሰው።

አሁን ወደ ደብረ ታቦር መሄድ ነበረብን፤ መኪናው ደግሞ ሜዳ ላይ ሞቶ ቆሟል። ወደ ሰዉ ዞሬ «እባካችሁ ግፉልን» አልኩ። ማንም አልተነቃነቀም። ወንዶቹ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ከጭቃ ሹሙ ኋላ ቆመዋል።

«ሰው እየሞተ ነው እኮ! ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ?»

«መሬታችንን የያዘ መኪና እንዴት ብለን እንገፋለን?» አሉ ጭቃ ሹሙ።

«የምን መሬት?»

«ማሳ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩለት አላሉኝም?»

ያኔ ገባኝ፤ ገብቶኝም አልሳቅኩም፤ ላለቅስ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ሮጬ ገብቼ የራዲዮውን ሳጥን ጎትቼ አሳየኋቸው። «ማሳ ማለት ይኼ ነው፣ አባቴ! ሽቦ! ሽቦ ከብረት ጋር ሲታሰር ማሳ ይባላል!» ጭቃ ሹሙ ሽቦውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ሽቦ ማሳ የሚባልበት አገር እንዳለ ያመኑ አይመስሉም ነበር።

ሾፌሩ ክርክራችንን አልሰማም። ብቻውን ከመኪናው ኋላ ሄዶ ትከሻውን ሰጥቶ እየገፋ ነው። የጭነት መኪና ለብቻው! ዋንጫውን የተቀበለችው ጠላ ሻጭ አየችው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችና አጠገቡ ሄዳ ሁለት እጇን መኪናው ላይ አሳረፈች። «ማርያም፣ ማርያም» አለች። በምጥ ላይ ላለች ሴት ደጅ የተሰበሰቡ ጎረቤቶች የሚሉት ነው። ሌሎቹም ሴቶች እንስራቸውን እየተዉ መጡ። ማርያም፣ ማርያም።

ጭቃ ሹሙ ይህን ቆመው ማየት አልቻሉም። «የማሳውን ነገር ስትመለሱ እንነጋገርበታለን» አሉኝ ኮስተር ብለው፤ ከዚያ ወደ ወንዶቹ ዞሩ። «ምን ትገተራላችሁ እናንተ? ምጥ ላይ ያለች ሴት ናት! ግፉ እንጂ!»

ገበያው እንዳለ መኪናው ላይ ወደቀ። ሾፌሩ ዘሎ መሪውን ያዘ። «ማርያም!» ሲሉ ይገፋሉ፤ ይተነፍሳሉ፤ «ማርያም!» ይገፋሉ። ሞተሩ አንድ ጊዜ አስነጠሰና ዝም አለ። «ማርያም!» እንደገና አስነጠሰ፤ ተንደቀደቀ፤ ተነሣ። እኔ ሮጬ ስሰቀል ከኋላችን ድምፃቸው ገና አልቆመም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ማስታወስ አልወድም። ራዲዮው ክፍት ነው፤ ካንዴላው ጠ-ጠ-ጠ ይላል። ሾፌሩ በየመታጠፊያው «ምን አለ?» ይለኛል። «አይሰማም» እለዋለሁ። ይናደድና ነዳጅ ይረግጣል፤ ነዳጅ ሲረግጥ ጠ-ጠ-ጠው ይብሳል፤ ጠ-ጠ-ጠው ሲብስ «ምን አለ?» ይለኛል። አንዳንዴ ከጫጫታው ሥር የሰው ድምፅ ያለ ይመስለኛል፤ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚል አልለየውም። መካነ ኢየሱስን ሳንቆም አለፍናት።

ከመካነ ኢየሱስ ወዲያ መንገዱ ፊቱን ወደ ደብረ ታቦር ያዞረ ረጅም ቁልቁለት ላይ ይወጣል። ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ያዘ። ወርዶ ትልቅ ድንጋይ ከጎማው ሥር አስገባ፤ ተመልሶ ገባና፣ ሳልለምነው፣ ቁልፉን አዞረ። ጸጥ አለ። በጋውን ሙሉ ስንጨቃጨቅበት የኖርነው፣ ለሁለታችንም የሚሆን ቁልቁለት ይኸው ነበር።

«ጠይቅ» አለኝ።

ጠራሁ። የደብረ ታቦሩ ሰው ወዲያው መለሰ።

«ተገላገለች።»

እንደዚያ ጥርት ያለ ቃል በዚያ ራዲዮ ሰምቼ አላውቅም። «እሰይ!» አልኩ። ሾፌሩ ግን አልተነቃነቀም።

«ከፊቱ ‹አል› አለው?» አለኝ።

«የለውም፣ ጋሼ።»

«ከኋላውስ? ‹ም› አለው?»

«የለውም።»

«ደግመህ ጠይቀው።»

ደግሜ ጠየቅኩ። የጣቢያው ሰው ሰለቸው መሰለኝ፣ «ተገላገለች አልኩ እኮ!» ብሎ ጮኸ።

«‹አል› አለ!» ብሎ ሾፌሩ ክንዴን ጨመደደኝ።

«‹አልኩ› ነው ያለው፣ ጋሼ! ‹ተገላገለች አልኩ› ነው ያለው!»

«ሴት ልጅ ናት» አለ ድምፅ ማጉያው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ቀስ ብሎ። «እናቲቱም ደህና ናት። ነቅታለች። ይሰማል?»

ሾፌሩ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። እኔም ፊቴን ወደ ውጭ አዞርኩ። ድንጋዩን አውጥቶ መልቀቅ፣ ደብረ ታቦር መድረስ ነበረብን፤ ባትሪውም እየደከመ ነው። እሱ ግን ቀና ሳይል «ራዲዮ» አለኝ።

«አቤት፣ ጋሼ።»

«ደግመህ ጠይቀው።»

ደግሜ ጠየቅኩለት።